የካናዳን ታሪክ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሪዎቿ ሕይወት መማር፦ ስድስት ሰው ይበቃል ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

የካናዳን ታሪክ ከሥሩ ማወቅ የሚፈልግ አዋቂ ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ከሚይዝ የስድስት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ፖለቲከኞችን ሕይወት በተራ ቢያነብ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ስድስቱ ሉዊ-ጆሴፍ ፓፒኖ (1786–1871)፣ ሉዊ-ኢፖሊት ላፎንቴን (1807–1864)፣ ጆርጅ-ኤቲየን ካርቲዬ (1814–1873)፣ ዊልፍሬድ ሎሪዬ (1841–1919)፣ ፒዬር ትሩዶ (1919–2000) እና ረኔ ሌቬክ (1922–1987) ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ምክንያቴ አንድ ነው። በቁጥር የሚያንስ ሕዝብ መሪ ምክር ቤት ገብቶ በድምፅ ብዛት ብቻ አያሸንፍም። ወይ ተደራድሮ ያገኛል፣ ወይ እምቢ ብሎ ይወጣል። ማን ይግዛ፣ ልጅ በምን ቋንቋ ይማር፣ ማን ለማን ጦርነት ይዝመት የሚሉት የካናዳ ትልልቅ ጥያቄዎች የተቋጠሩትም የተፈቱትም በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ላፎንቴን በ1842 ኪንግስተን ላይ በሕግ በተከለከለ ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ፣ መናገሩ ብቻ ስለ ዘመኑ ብዙ ያስረዳል። ዝርዝሩ ይበቃል? ቅደም ተከተሉስ? ምን ያመልጠዋል?

ክሩ ስለረዘመ፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

መልስ 1 የተስማሙ ሰው ናቸው። ለአማርኛ አንባቢ ዓመቶቹን ማስታወሻ የሚሆን መንጠቆ አቀበሉ። የካናዳ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም የክፍለ ሀገሮቿ ኅብረት፣ የተመሠረተው ጁላይ 1 ቀን 1867 ነው፤ መቅደላ የወደቀው ከዚያ ዘጠኝ ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ሎሪዬ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በጁላይ 1896፣ ከዓድዋ ድል አራት ወር በኋላ ነው። በማስታወሻ ደብተሩ ዳር ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ይጠቅማል ብለው፣ ከሁሉም ዓመት ላይ ስምንት መቀነስ ግን እንደሚያሳስት አስጠነቀቁ። የኬቤክን ሉዓላዊነት የሚሻው የሌቬክ ፓርቲ ያሸነፈበት ኖቬምበር 15 ቀን 1976 በእኛ 1969 ነው፤ ስለዚሁ ሉዓላዊነት የተካሄደው የሜይ 20 ቀን 1980 ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ በ1972 ያርፋል። ቀኑ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ስምንት ይቀነሳል።

መልስ 2 ካርታ ሳይዙ መጀመር ከንቱ ድካም ነው አሉ። ጀማሪው ታችኛው ካናዳ ሲባል በካርታው ታች ያለውን ይፈልጋል፤ አገሩ ግን ከላይኛው ካናዳ ወደ ሰሜን ነው። ታችና ላይ የተባለው በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ አፈሳሰስ ነውና ታችኛው ወደ ባሕሩ የቀረበው ነው። ስሞቹም ይለዋወጣሉ። ከ1791 እስከ 1841 ታችኛውና ላይኛው ካናዳ፣ ከ1841 እስከ 1867 ምሥራቅና ምዕራብ ካናዳ፣ ከዚያ ወዲህ ኬቤክና ኦንታሪዮ። ካናዳዊ የሚለው ቃልም በፓፒኖ ዘመን ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ብቻ ያመለክት ነበር። ይህን ያላወቀ አንባቢ የፓፒኖን ንግግር ሁሉ በተሳሳተ ትርጉም ያነባል።

መልስ 3 በትሕትና አረሙኝ፣ እርማቱም ትክክል ነው። ሁለቱን ካናዳዎች በአንድ ምክር ቤት ሥር ያጣመረው የ1840 የኅብረት አዋጅ አንቀጽ 41 እንግሊዝኛን ብቻ ሕጋዊ ያደረገው ለምክር ቤቱ የጽሑፍ ሰነዶች ነው። ፈረንሳይኛ መናገር አልተከለከለም። ላፎንቴን ሴፕቴምበር 13 ቀን 1842 ንግግሩን ሲጀምር አንድ አባል በእንግሊዝኛ እንዲናገር ጠየቀው፤ እሱም እንግሊዝኛ እንደ ፈረንሳይኛ ቢቀናኝ እንኳ በናቴ ቋንቋ ነው የምናገረው የሚል መልስ ሰጥቶ ቀጠለ። የድፍረቱ ክብደት ሕግ በመጣሱ ላይ አይደለም። አዋጁ ሊያጠፋው የታሰበውን ቋንቋ ሕጉ በተወለት ቀዳዳ አስገብቶ ማቆየቱ ነው። አንቀጹ በ1848 ተሻረ፤ በጃንዋሪ 1849 አገረ ገዥው ሎርድ ኤልጊን የመክፈቻ ንግግሩን በሁለቱም ቋንቋ አነበበ። መነሻ ጽሑፉን ሳልነካ የተውኩት ስህተቱ የብዙ ሰው ስለሆነ ነው።

መልስ 4 ክሩን ወደ ሌላ መንገድ መራው። ሰዎቹን በአንድ ረድፍ መደርደሬ ዋናው ጉድለት ነው ሲሉ ጻፉ። የአንድን መሪ ሕይወት ብቻውን ያነበበ ሰው የዚያ መሪ ጠበቃ ሆኖ ይነሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ከተቃወመው የራሱ ወገን ጋር አጣምሮ ማንበብ ይገባል። ምሳሌያቸው ፓፒኖና ላፎንቴን ናቸው።

ፓፒኖ ከ1815 ጀምሮ የታችኛው ካናዳ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። በ1834 ወገኑ 92 የውሳኔ ሐሳቦች ለንደን ላከ፤ ዋናው ጥያቄ የተሾመው ላዕላይ ምክር ቤት በምርጫ ይተካ የሚል ነው። መልሱ በማርች 1837 መጣ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ፣ አገረ ገዥውም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ከግምጃ ቤት ገንዘብ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። ከፓፒኖ ወገን ዐመፅ ተነሳ፤ በኖቬምበር 23 አማፂዎቹ ሳን-ደኒ ላይ አሸነፉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሳን-ሻርል ላይ ተሸነፉ፣ ዲሴምበር 14 ቀን ሳን-ኡስታሽ ላይ ተደመሰሱ። ፓፒኖ ከሳን-ደኒ የወጣው ውጊያው ሳያልቅ ነው። በ1838 ከተነሳው ሁለተኛ ዐመፅ በኋላ 12 ሰው ሞንትሪያል ላይ ተሰቀለ፣ 58 ሰው ወደ አውስትራሊያ ተጋዘ።

እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ ፍትሕ በጦር ተደመሰሰ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ላፎንቴን ግን ከዚያው ወገን ነው፤ በ1838 ያለ ፍርድ ታስሮ ተፈቷል። ኅብረቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ለመዋጥ የተሠራ መሆኑን ያውቃል። ምሥራቁ ወደ 650,000፣ ምዕራቡ ወደ 450,000 ሕዝብ ይዘው ለሁለቱም እኩል 42 መቀመጫ ተሰጠ፣ የላይኛው ካናዳ ዕዳም ለጋራ ሆነ። እያወቀ ገባበት። በ1841 ዱላ የያዘ ሕዝብ ከምርጫ ሥፍራው ሲያስወጣው የላይኛው ካናዳው ሮበርት ባልድዊን በቶሮንቶ አጠገብ በዮርክ አስመረጠው፤ በ1843 ባልድዊን በተራው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነው ሪሙስኪ ተመረጠ። በማርች 1848 ሁለቱ የመሠረቱት መንግሥት ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ የሆነ መንግሥት ሆነ። ኤፕሪል 25 ቀን 1849 ኤልጊን በዐመፁ ንብረታቸው ለጠፋ ሰዎች ካሣ የሚሰጠውን ሕግ ሲፈርም፣ የተቆጣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕዝብ በዚያው ምሽት ሞንትሪያል ያለውን የምክር ቤት ሕንፃ አቃጠለ። ከስደት የተመለሰው ፓፒኖ ያኔ በዚያው ምክር ቤት ተቀምጦ ኅብረቱ ይፍረስ እያለ ላፎንቴንን ይሞግት ነበር። ሁለቱን አጣምሮ ያነበበ ሰው ዳኛ ይሆናል እንጂ ጠበቃ አይሆንም። ከዚህ የተሻለ ምክር በክሩ ውስጥ አላገኘሁም።

መልስ 5 ስለ ፓፒኖ አንድ ነገር ጨመሩና ሳያስቡት ክሩን አስቀየሱት። ፓፒኖ ነፃነት ሰባኪ ይሁን እንጂ ራሱ የፔቲት-ናሲዮን ባለ ርስት ሲሆን የርስት ሥርዓቱንም እስከ መጨረሻው ደግፏል።

መልስ 6 ባለ ርስት የሚለውን ቃል በኃይል ተቃወሙ። ትክክለኛው ቃል ባለ ጉልት ነው። ፓፒኖ ያለው ግብር የመቀበል መብት ነው፤ ርስተኛው መሬቱን የሚያርሰውና ለልጁ የሚያወርሰው ገበሬ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ቋሚ ግብር ይከፍላል፣ እህሉን በባለ ጉልቱ ወፍጮ አስፈጭቶ ከአሥራ አራት እጅ አንዱን ይሰጣል።

መልስ 7 ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም ብለው መለሱ። የኬቤኩ ገበሬ መሬቱን መሸጥ ይችል ነበር፤ ገዢው የዋጋውን አሥራ ሁለተኛ እጅ ለባለ ጉልቱ ይከፍላል። የእኛ ርስት ደግሞ የዘር እንጂ የገበያ አልነበረም። ሥርዓቱ የተሻረው በ1854 ነው። ንግግሩ እየሞቀ በመሄዱ ሁለቱም ጥቂት የማይገቡ ቃላት ተለዋወጡ፤ የጉዳዩ ፍሬ ግን ይኸው ነው፣ በእኔ ግምት 6ኛው ቀርበዋል።

መልስ 8 ወደ ሥራው መለሱን። ለአንድ ጥንድ ሦስት ሳምንት፣ ለአራት ጥንድ 12 ሳምንት መደቡ። አነባበባቸው ከልደት አይጀምርም፤ ሁለቱ ከተፋጠጡበት ቀን ይነሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ያንን ቀንና የወጣውን ሕግ፣ በሁለተኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለቱን እዚያ ያደረሳቸውን፣ በሦስተኛው ሕጉ ከ20 ዓመት በኋላ የት እንደደረሰ። ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፦ ሰውየው ምን ፈለገ፣ ምን ተጻፈ፣ ማን ከፈለ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከቀረ ንባቡ አልተጠናቀቀም። በነፃ በኢንተርኔት የሚገኘውን የካናዳ የሕይወት ታሪክ መዝገብ የሚጠቀም ሰው ቅጾቹ የተደረደሩት በሞት ዓመት መሆኑን ይወቅ። ላፎንቴን ከፓፒኖ በ21 ዓመት ያነሰ ሆኖ ሳለ ቀድሞ ስለሞተ በ9ኛው ቅጽ ነው፤ ፓፒኖ በ10ኛው፣ ከካርቲዬ ጋር።

መልስ 9 በአጭሩ ስሞችን ለዩ። በ1864 የኬቤክን ጉባኤ የመራው ኤቲየን-ፓስካል ታሼ ነው፤ አስታውሳለሁ የሚለውን የኬቤክ መፈክር በምክር ቤቱ ሕንፃ ላይ ያሳረፈው ልጁ ኡዠን-ኤቲየን ነው። አንሪ ቡራሳና ከ1970 ጀምሮ ርዕሰ መስተዳድር የነበረው ሮበርት ቡራሳ አይዛመዱም፤ አንሪ ግን የፓፒኖ የልጅ ልጅ ነው።

መልስ 10 ካርቲዬን ያላግባብ አቅልላችሁታል አሉ። በወጣትነቱ ሳን-ደኒ ላይ ተዋግቷል፣ ወደ ቨርሞንት ሸሽቷል፣ ተመልሶ የባቡር ኩባንያ ጠበቃ ሆኗል። እሱን ለመረዳት ቁልፉ የ1851 ቆጠራ ነው። በዚያ ቆጠራ ምዕራቡ በሕዝብ ብዛት ምሥራቁን በለጠ። ቀድሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን የበደለው እኩል መቀመጫ አሁን ጋሻው ሆነ፣ ምዕራቡም ውክልና በሕዝብ ብዛት ይሁን ብሎ ተነሳ። ካርቲዬ ያንን ጋሻ ለቅቆ በምትኩ የራሱ ምክር ቤት ያላት ኬቤክን ወሰደ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1866 ሥራ ላይ ዋለ፣ በ1867ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 92 የፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ በ93 ትምህርት፣ በ133 ሁለቱ ቋንቋዎች ሰፈሩ። በማርች 1865 ምክር ቤቱ የኮንፌዴሬሽኑን ዕቅድ 91 ለ33 ሲያጸድቅ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ድምፅ 27 ለ22 ብቻ ነበር። የ22ቱን ክርክር ለማግኘት ዕቅዱን የተቃወመውን አንትዋን-ኤሜ ዶሪዮንን አጣምሩ።

መልስ 11 በቁጣ ነው የመጡት፣ ቁጣቸውም አለምክንያት አይደለም። ስድስት ወንድ ደርድሮ የሀገር ታሪክ ማለት አይቻልም። በታችኛው ካናዳ ንብረት ያላቸው ሴቶች ይመርጡ ነበር። በ1834 ይህን መብት ለማስቀረት የወጣውን ሕግ ፓፒኖ ደገፈ፤ ሌላ አንቀጹ ስላስጣለው አልጸናም። በ1849 ግን የላፎንቴንና የባልድዊን መንግሥት በግልጽ አስቀረው። በ4ኛው መልስ ባላንጣ የሆኑት ሁለቱ ሰዎች በዚህ አንድ ናቸው። በኬቤክ ምርጫ ሴቶች የመረጡት ኤፕሪል 1940 በርዕሰ መስተዳድር አዴላር ጎድቡ ዘመን በወጣ ሕግ ነው፣ ያም ቴሬዝ ካስግሬንና ጓደኞቿ ዓመት ከዓመት ከተመላለሱ በኋላ። በዲሴምበር 1961 የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል የሆነችው ክሌር ኪርክላንድ ኬቤክ ከተማ ቤት ለመከራየት የባሏ ፊርማ ተጠይቋል፤ ያገባች ሴትን ሕጋዊ ችሎታ ያስከበረውን የ1964 ሕግ ያቀረበችው እሷ ናት።

መልስ 12 የዘመኑን ሰው በዘመኑ መመዘን ነው ብለው ፓፒኖንና ላፎንቴንን ሊከላከሉ ሞከሩ። መልስ 13 የዘመኑ ሴቶች ይመርጡ እንደነበር አስታውሰው ዘጉባቸው። 11ኛው መልስ የ8ኛው ሦስተኛ ዓምድ ምን እንደሚመስል ከማንኛችንም በላይ አሳይቷል።

መልስ 14 ከርዕሱ ወጥተው ስለ ሌላ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ጠየቁ። ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ማኅበር ካህን) ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ከዚያ በፊት የኬቤክ ኢየሱሳውያን ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ያስተዳድሩ ነበር። ፖለቲከኛ ባለመሆኑ ከዝርዝሩ አይገባም፤ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 15 ሎሪዬን ከአንሪ ቡራሳ ጋር አጣመሩ። በ1899 ሎሪዬ እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ለምታካሂደው የቦር ጦርነት ፈቃደኛ ወታደሮች ሲልክ ቡራሳ መቀመጫውን ለቀቀ፣ በጃንዋሪ 1900 ያለ ተወዳዳሪ ተመልሶ ተመረጠ። በጃንዋሪ 1910 ለ ደቯር የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ሎሪዬ የካናዳን ባሕር ኃይል ሲያቋቁም ለእንግሊዝ ጦርነት የተዘጋጀ ነው ብሎ ዘመተበት። በ1911 ሎሪዬ ወደቀ፣ ተቃዋሚው ሮበርት ቦርደን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ያው ቦርደን በ1917 የግዳጅ ውትድርና አወጀ። በዲሴምበሩ ምርጫ ኬቤክ ከ65 መቀመጫ 62ቱን ለሎሪዬ ሰጠች፣ ሀገሪቱን ግን ቦርደን አሸነፈ፤ በ1918 ፋሲካ ሰሞን ኬቤክ ከተማ ላይ ወታደሮች በተኮሱት ጥይት አራት ሲቪሎች ሞቱ። ቡራሳ ባይጥለው ኖሮ ማለት ቀላል ነው። 15ኛው ግን አንባቢው ወደዚያ ከመዝለሉ በፊት ሎሪዬን የጣለው የአሜሪካ የንግድ ስምምነት ጭምር መሆኑን እንዲጽፍ አሳሰቡ።

መልስ 16 ደግሞ ከሎሪዬ ወደ ሌቬክ መዝለሌን ተቹ። ሞሪስ ዱፕሌሲ ከ1936 እስከ 1939 እና ከ1944 እስከ 1959 ኬቤክን ገዝቷል። ያለ እሱ የርዕሰ መስተዳድር ዣን ለሳዥ የ1960 ለውጥ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ኮሚኒስት የተባለን ቤት የሚያስቆልፈው የ1937 ሕጉን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1957 ነው። የኤሌክትሪኩ ጉዳይም አንድ እርምጃ አይደለም። ጎድቡ በ1944 የሞንትሪያሉን ኩባንያ ወርሶ ኢድሮ-ኬቤክን አቆመ፣ ሌቬክ በለሳዥ ሚኒስትርነቱ በ1963 የቀሩትን ጠቀለለ።

መልስ 17 የክሩ ስለታሙ ነው። ሁላችንም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊን ከኬቤክ ሰው ጋር ማምታታታችንን በቀጥታ ተናገሩ። ኦንታሪዮ በ1912 በደንብ 17 ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት በላይ በፈረንሳይኛ ማስተማርን ገደበች፤ እስከ 1927 ዘለቀ። ኒው ብረንዝዊክን በ1969 ባለ ሁለት የሥራ ቋንቋ ያደረጋት አካዳዊው፣ ማለትም ከምሥራቅ ጠረፍ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የተወለደው፣ ሉዊ ሮቢሾ ነው። የማኒቶባን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ሎሪዬ ራሱ ነው የተዋቸው። ከክፍለ ሀገሩ ጋር ባደረገው የ1896 ስምምነት ሃይማኖት በቀኑ መጨረሻ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጥ፣ ፈረንሳይኛም በአንድ ትምህርት ቤት 10 ተማሪ ሲገኝ ከእንግሊዝኛ ጋር እንዲገባ ሆነ። ስምምነቱ የቆመው በክፍለ ሀገሩ ሕግ ላይ ነበርና ክፍለ ሀገሩ በ1916 በራሱ ሕግ ሰረዘው።

መልስ 18 ከዚያው ቀጥለው የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶና የኬቤኩ ርዕሰ መስተዳድር ሌቬክ የተጋጠሙበትን ነገር አሳዩ። ሌቬክ በኦገስት 1977 ያወጣው የቋንቋ ሕግ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤትን ወላጁ በኬቤክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ለተማረ ልጅ ብቻ ተወ። ትሩዶ በ1982ቱ ሕገ መንግሥት የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 23 ውስጥ ኬቤክን ካናዳ በሚል ተካው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1984 አጸናው። አንቀጽ 23 ከማኒቶባው ስህተት የተማረ ነው፤ መብቱ ክፍለ ሀገር በማይሽረው ሕግ ላይ ተቀመጠ። ሌቬክ ግን በ1980 ሕዝበ ውሳኔ 40.44 በመቶ አግኝቶ ተሸንፎ እንኳ ያንን ሕገ መንግሥት አልፈረመም። ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ተምሮ ሞንትሪያል ለገባ ወላጅ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በውጭ አገር የተማሩት አይቆጠርም፣ ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ይማራል። ከዚህ በኋላ ሁለት ሰዎች ስለ ምዝገባ ወረቀት ተጠያየቁ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 19 የመጨረሻው ነው። የማኒቶባው መሪ ሉዊ ሪየል ሜቲስ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደ ሕዝብ ወገን) እንጂ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ አይባልም የሚሉት ቢኖሩም፣ ከካርቲዬ ጋር መጣመር ያለበት ከዶሪዮን ይልቅ እሱ ነው ብለው ተከራከሩ። ማኒቶባን በ1870 ያስገኘው ድርድር የሁለቱ ነው። ካርቲዬ በ1872 በሞንትሪያል ሲሸነፍ ሪየል በማኒቶባው ፕሮቫንሼ ከውድድር ወጥቶለት በዚያ ተመረጠ። በሜይ 1873 ካርቲዬ ያንን መቀመጫ እንደያዘ ለንደን ላይ ሞተ። ለተተወው ወንበር የተመረጠው ሪየል ነው፤ በ1874 ተደብቆ ኦታዋ ገብቶ የአባላቱን መዝገብ ፈረመና ወጣ፣ ምክር ቤቱም አባረረው። በደብተሬ በካርቲዬ አንጻር ሁለቱንም ስም ጽፌያለሁ።